ለአንድ ጀልባ የሚበቃ ቦታ

አልባንን የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ሴልዊን ነው። አልባን ቀኑም አልጠፋውም፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከጀልባ እሽቅድድሙ በዓል በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ አልባን በገዛ እጁ የሠራት ጀልባ ባሕር በምትገባበት ዕለት ነበር። በጉ ታርዷል፤ ሩም የሚባለው አረቄ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ፈሷል፤ የካሪያኩ ደሴት ሰው ገመድ ይዞ ሊጎትት ቆሟል። ሴልዊን የዶሮ እግር እየጋጠ፣ “ይቺ ደሞ ጀልባ ናት የዶሮ ቤት?” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ እንኳ ሳቁ። ማን ጥርሱን እንዳሳየ፣ ማን አፉን በእጁ እንደሸፈነ አልባን እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ይነግርሃል። ሴልዊን ግን ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሴልዊን ኑሮው ለንደን ነው። በየዓመቱ ለበዓሉ ሚስቱን ማርቫንና ልጆቹን ይዞ ከተፍ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ጣሪያዋን የሚጠግንላት፣ ዓሣ የሚያመጣላት አልባን ሆኖ ሳለ፣ እናታቸው ሴልዊን የመጣ ዕለት ከአልጋው አንስታ ጓሮ መሬት ላይ ታስተኛዋለች። ዘንድሮማ ሴልዊን ለልጆቹ መዝናኛ ብሎ ነጭ የሞተር ጀልባ ገዛ።

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ራዲዮኑ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው አለ። እንዲህ ሲሆን ጀልባ የሚሸሸገው ማንግሮቭ ውስጥ ነው፤ ሥሩ ከውሃ ወጥቶ እንደ ጣት የተቆላለፈው ጫካ ማዕበሉን ይሰብራል። እዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአባት የወረሰው ማሰሪያ ቦታ አለው። የሰው ቦታ መያዝ የሰው ሚስት እንደ መያዝ ነው። የነአልባን ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ከገቡ ሲላተሙ ያልቃሉ።

አልባን በማለዳ ጀልባውን አስገብቶ፣ ከሥሮቹ ጋር ጥርቅም አድርጎ አስሮ ቤት ገባ። ጭቃውን ሳይታጠብ እናቱ ጠራችው።

“አልባን፣ ያንተን አውጣና የወንድምህን አስገባ።”

“የኔስ የት ትግባ፣ ማማ?”

“አሸዋው ላይ ጎትታት። ያንተ እንጨት ናት፤ ብትሰበር ትሠራታለህ። የሱ የፋብሪካ ናት።”

“እኔ እኮ የምበላው በሷ ነው!”

“በኩሩ ማነው? ቦታው የአባትህ ነው፤ እሱ ከሌለ እኔ አለሁ።”

ሴልዊን በረንዳው ላይ ቢራውን ይዞ፣ “ተይው ማማ፣ ካልፈለገ አናስገድደውም” አለ። አለና የሞተሩን ቁልፍ ወረወረለት።

“አልቢዬ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!” አለች ማርቫ፣ ለሕፃን እንደሚባል።

የአባቱን ቤት ቃል መጣስ አልሆነለትም፤ ሄዶ የገዛ ቋጠሮውን ፈታ። ጀልባውን አጠገቡ የሚያስረው ሽማግሌው ኮስሞስ አየው።

“አንተ ጅል! በዚህ ሰዓት የገባ ጀልባ ይወጣል?”

“ማማ ናት ያለችው። ጋሼ፣ ካንተ ጎን ላቁማት?”

“ሁለታችንም እንድናልቅ? እናትህ ምን ታድርግ! ካልጋ አውርዳ መሬት ስታስተኛህ ዝም ያልክ ሰው።”

አልባን ነጩን ጀልባ አስገብቶ፣ ጥሩ አድርጎ አሰረ። ክፉ አድርጎ ማሰር አያውቅበትም። የራሱን አሸዋው ላይ ጎትቶ ድንጋይ ሞላባትና ከኮኮናት ግንድ ጋር ጠፈራት።

ነፋሱ መጣ፤ ሄደ። በነጋታው አልባን ዳርቻው ላይ ያገኘው የጀልባዋን አከርካሪና ጥቂት የጎን አጥንት ነው። ግንዱ ራሱ ተነቅሏል። ጎንበስ ብሎ ሳንቃ መልቀም ጀመረ።

ሴልዊን ከማንግሮቩ ሲመለስ እናቱንና ቤተሰቡን አስከትሎ እየሳቀ ደረሰ። “ተመስገን፣ ጭረት ብቻ ናት!” ከዚያ ስብርባሪውን አየ። “ውይ... አይዞህ፣ ዋናው ሰው አለመሞቱ ነው። እኛ ስንሄድ ያቺን የኔን ጀልባ ትጠብቅልኛለህ፤ ሥራ ፈት አትሆንም።”

ማርቫ ልጆቹን ስብርባሪው ፊት አቁማ ፎቶ ታነሳለች።

“ሰማህ?” አለች እናቱ። “ወንድምህ ሥራ ሰጠህ። አመስግነው እንጂ!”

አልባን ቀና አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሰላው የኖረው መልስ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። እናቱን አያት፤ ዓይኗ ሴልዊን ላይ ነበር፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እያየች። ያቀፈውን ሳንቃ አሸዋው ላይ አስቀመጠና ዳርቻውን ይዞ መንገድ ጀመረ።

“ምን አልኩት ደሞ?” አለ ሴልዊን ከኋላው። “አልባን! አንተ! ምን አልኩህ?”

አልባን እርምጃውን ቀጠለ። ዞሮም አላየ።