ጭኮው ላይ የታሰረው ፊት

አሰላ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን ብትጠይቁኝ በደንብ የማስታውሰው አንድ ብቻ ነው፤ እንዲጠፋ አጥብቄ የለመንኩበት ቀን።

ሱቄ መናኸሪያው ፊት ለፊት ናት። አባቴ ጫማ ሲሸጥባት ኖሮ ለእኔ ለወልደሰንበት ተዋት፤ እኔ ደግሞ ጫማውን አውጥቼ የሌዘር ማሽን አስገባሁባት። ማሽኑ ስስ ጣውላ ይቆርጣል፤ ላዩንም እየፈጀ ስዕል ያወጣበታል። ለገና ኮከብ፣ ለዒድ ጨረቃ፣ ስጦታ ላይ የምትንጠለጠል ደንበኞቼ ታግ የሚሏት ትንሽ ጣውላ፤ ሥራዬ ይኸው ነው። እኔ መሣል አልችልም፤ ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኤአይ ይሥልልኛል። የአረፋ ዲዛይን ስጠይቀው ግመልና የተምር ዛፍ ይደረድርልኛል። እዚህ ገብስ እንጂ ተምር እንደማይበቅል ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። የሚያናድደኝ አለማፈሩ ነው። የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ፣ አሳምሮ ያቀርባል።

አዴ ፋጡ፣ አዴ በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው፣ ከሳጉሬ ወደ እኔ የመጡት ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ስልካቸውን ሰጡኝ። የሴት ልጃቸው ሠርግ ፎቶ አለበት። ከሰዉ ኋላ ትሪ የተሸከመ ወጣት ዞር ሲል ተነስቷል። ፊቱ ፊት አይባልም፤ የተድበሰበሰ ነገር ነው።

«ልጄ ሰኢድ ነው» አሉኝ። «በጅቡቲ አድርጌ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ሦስት ዓመት አለፈው። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ። ሌላው ፎቶ ሁሉ እሱ ይዞት በሄደው ስልክ ውስጥ ነው።»

«መታወቂያው ላይስ?»

«መታወቂያ መች አወጣና? ልጅ ነበር።»

ፊቱን አጥርቼ ለዒድ በጣውላ እንድሠራላቸው ፈለጉ። ግድግዳ ላይ አይሰቅሉትም፤ ቤታቸው ውስጥ የሰው ስዕል መስቀል ነውር ነው። ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው በዓል በመጣ ቁጥር ሊያዩት ነው። አንጀቴን በሉት።

ኤአዩን ይህን ፊት አጥራልኝ አልኩት። አፍንጫው ቀጥ ያለ ወጣት ሰጠኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ጉንጩ ሞላ ያለ ሌላ ሰው መጣ። ሦስተኛው ግንባረ ሰፊ ነበር፤ አዴ ፋጡን ይመስላል። ሦስቱ ወንድማማቾች እንኳን አይመስሉም። እናቱን የሚመስለውን መረጥኩና ቆረጥኩት። ሁለቱን አላሳየኋቸውም።

ጣውላውን ሲቀበሉ ግንባሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አድጓል» አሉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አድጓል።»

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አረፋ ሲቃረብ ተመለሱ። አሁን ያንኑ ፊት በታግ መጠን ይፈልጉታል፤ አንድ ሙሉ ጣውላ የሚያወጣውን ያህል። ከጀርባው የስልክ ቁጥራቸው ይጻፍ አሉ።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለመንገደኛ። ጭኮ እየሠራሁ ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሁሉ ለበዓል እሰጣለሁ። የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው፣ መንገድ ላይ አይበላሽም። ይችን ዕቃው ላይ አስርበታለሁ። ጭኮ ደግሞ ብቻውን የሚበላው የለም፤ የቀመሰው ሁሉ ልጄን ያየዋል። ያየ ይደውልልኛል።»

እዚህ ጋ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፈትኩ። እሳቸው ግን ለእኔም ጭኮ ይዘው መጥተው ነበር፤ «ለልፋትህ» ብለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ምን ልበላቸው? ይህ ፊት ከእናት አልተወለደም ልበል? ከአረፋ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ታጎቹን ቆረጥኩ፣ በሳሁ፣ ክር አስገባሁላቸው። ጭኮውንም በላሁት፤ ይጣፍጣል፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ መናኸሪያውን ሞላው። አንድ የአዳማ ሚኒባስ ሾፌር መስታወቱ ላይ የእኔን ጨረቃ ሰቅሎ ከጎኗ እሱን አንጠልጥሎት አየሁ። የትም የሌለ ሰው በየቀኑ ሱቄን እያየ ያልፍ ጀመር።

አንድ ጠዋት አዴ ፋጡ እያለከለኩ ገቡ። ሻርፓቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ልብ አላሉትም።

«ተገኘ» አሉ። «አንድ ሰው ደወለልኝ። ጅቡቲ ውስጥ፣ ታጁራ፣ ባሕሩ ዳር ውሃ ሲሸጥ አይቶታል። ራሱ ነው፣ ግንባሩ ራሱ ነው አለኝ። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

«ብቻዎን?»

«ከማን ጋር ልሂድ?»

እኚህ ሴት እንኳን ጅቡቲ ሊደርሱ ከአዳማም አልፈው አያውቁም። ወንበር ሰጠኋቸውና ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፎቶው ሊጠራ የሚችል እንዳልነበረ፣ ኤአዩ ፊቱን ከራሱ እንደፈጠረ፣ እኔም እሳቸውን የሚመስለውን እንደመረጥኩ። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳየኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ሰውየው ያየው ማንን ነው?» አሉ።

«አላውቅም፣ አዴ። ሰው ይመሳሰላል።»

«ከሦስቱ እሱ የትኛው ነው?»

«አንዳቸውም ላይሆኑ ይችላሉ። እናቱ እርስዎ ነዎት፤ መልኩን የሚያውቁት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ምነው ይህን ባልተናገርኩ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ቀጥ ያለውን አፍንጫ አዩ፣ የሞላውን ጉንጭ አዩ፣ ተመልሰው ግንባሩን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«የሚመጣልኝ የአንተ ጣውላ ነው» አሉ በቀስታ። «ድሮ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበር። አሁን የአንተ ጣውላ ብቻ ነው የሚመጣው።»

ይቅርታ አልኳቸው፤ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

«እነዚህን ሁለቱንም እንደዚያኛው አሳንሰህ ቁረጥልኝ።»

«አዴ ፋጡ፣ እነዚህ እኮ…»

«ሦስቱንም ይዤ እሄዳለሁ። አንዱ እሱ ይሆናል።»

እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። ቢያንስ ሴት ልጅዎ ትምጣና ተማከሩ አልኩ። መብራት ይጠፋል፣ ሥራው ይበላሻል፣ ነገ ይምጡ አልኩ። ቀና ብለው አምፖሉን አዩት፤ በርቷል። ማሽኑን አስነሳሁ። በቀን ሁለቴ ሦስቴ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ብልጭ እንኳን አላለም። አንደኛው ፊት ወጣ፣ ሁለተኛውም ወጣ። አዴ ፋጡ ጣውላዎቹ ሳይቀዘቅዙ ተቀበሉኝ፤ ከያዙት ከፊተኛው ታግ ጋር ሦስቱን በአንድ ክር አስረው አንገታቸው ላይ አጠለቋቸው። ከዚያ አዳማ፣ አዳማ እያለ የሚጣራውን ረዳት ተከትለው አስፋልቱን ተሻገሩ።