ደጅ የቆሙት ለቀስተኞች

«ሠልስት ሳይወጣ ከሀዘን ቤት የሚወጣ ማን ነው? ምነው ታየች፣ አበድሽ?»

አያ በላቸው ይህን ያሉት ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ ነው። የሟቹ የማሩ ታላቅ ወንድም ናቸው። ትናንት ለቀብሩ ከማክሰኝት ከመጡ ወዲህ ንፍሮው እንኳ ያለሳቸው ትእዛዝ አይዞርም። ታየች ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ጫማዋን ትፈልጋለች።

«ለቀስተኛ ደጅ ቆሟል አሉኝ። ልቀበል ነው።»

«የታለ? ደጅ ላይ ማንም የለ!»

«እዚህ አይደለም፣ አራዳ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ።»

ከፍራሹ በኩል ሹክሹክታ ተነሣ። «አይ ሀዘን!» አለች አንዷ። ሌላዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ወሬውን ያመጣላት የኢንተርኔት ቤት ያለው ዐብዱልከሪም ነው። ባሏ ማሩ ጎሚስታ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ውሎ እጁን በኦሞ ያሽና ዐብዱልከሪም ቤት ይገባል። እዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው፣ እያንዳንዱ በሚወክለው ምስል ቤት ሠርቶ፣ ጎረቤት ሆኖ የሚኖርበት አንድ የጨዋታ መንደር ነበረው። ሰፈሩ «ሸበቶው ሕፃን» ይለው ነበር።

አንድ ቀን ታየች ጎትታ ልታወጣው ሄዳ፣ በሁለት ጣቱ እየጻፈ ሲቆጣ አገኘችው።

«ከማን ጋር ነው የምትጣላው?»

«ይኼ ባለጌ የሰው ቤት ዘው ብሎ ገብቶ የቤቱን እመቤት ይሳደባል። ደጅ ቆመህ ‹ቤቶች› በል፣ ግባ ሳትባል አትግባ እያልኩት ነው።»

«አያይህ፣ አታየው! ምን አገባህ?»

«ካልታየ ነውር አይደለም ያለሽ ማን ነው?»

ተናዳ ብቻዋን ተመለሰች። እሱ ግን አልተወም። ዓመት ሳይሞላ የዚያ መንደር ሰው ሁሉ፣ አማርኛ የማያውቀው ሁሉ፣ በፈረንጅ ፊደል «ቤቶች» እያለ የጎረቤቱ ደጅ መቆም ለመደ።

ትናንት ዐብዱልከሪም የማሩን መሞት ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የማሩ ደጅ ላይ ቆመዋል። በሩ አልተዘጋም። ግቡ ያላቸው ግን የለም።

«የወንድሜን ስም ልታስጠፊ ነው!» አሉ አያ በላቸው።

«ስሙ የሚጠፋስ ለቅሶ የመጣ ሰው ደጅ ሲያድር ነው» አለችና ወጣች።

ዐብዱልከሪም ወንበር ሳበላት። «በጋሽ ማሩ ስም ልክፈትልዎት?»

«በሞተ ሰው አፍ ልናገር? ያንተ ደሞ ባሰ! የራሴን ሰው ሥራልኝ። ጥቁር አልብሳት።»

ሠራላት። ጥቁር የለበሰችው ሴት ከማሩ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ታየች የኮምፒውተሩን መስተዋት ስታይ ደነገጠች፤ አጥሩን ተደግፎ፣ መንገዱን ሞልቶ የቆመ ሰው ነው። ቀንድ ያለው አለ፤ ክንፍ ያለው አለ። ከየራሳቸው በላይ ያው አንድ ቃል ተጽፏል።

«ግቡ ብለህ ጻፍላቸው።»

«እርስዎ ይጻፉት» አለና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳያት። በአንድ ጣቷ በር እንደሚያንኳኳ ሰው መታቻቸው።

ክንፍ ያለው ክንፉን አጥፎ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት፣ አልተጋፉም።

«የርስዎም ምስል ትቀመጥ እንጂ፣ ቤቱ ውስጥ ወንበር አለ።»

«ከመሬት አድርጋት። ሀዘንተኛ አይደለሁ?»

አያ በላቸው ይሄን ጊዜ ከኋላዋ ደርሰዋል። «ከጥላ ጋር ለቅሶ ትቀመጫለሽ?» አሉ በሩን ሞልተው እንደቆሙ።

ታየች አልዞረችም። «አያ፣ ለቅሶ ከመጡ ይቀመጡ። ካልሆነ ከበሩ ዘወር ይበሉልኝ፣ ሰው እያስተናገድኩ ነው።»

አልተቀመጡም። አልሄዱምም።

ከተቀመጡት መሐል አንዲት አረንጓዴ ጸጉር ያላት ሴት የሆነ ነገር ጻፈች።

«ምን አለች?»

ዐብዱልከሪም አነበበ። «ብራዚል ከሚባል አገር ናት። ‹እያለቀስኩ ነው› ነው የምትለው።»

ታየች ወደ መስተዋቱ ቀረበች። የብራዚሏ ሴት ምስል ፊቱ ደረቅ ነው፤ እንባ የለበትም፣ ፈገግ ያለም ይመስላል። ታየች ግን የነጠላዋን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ፣ መስተዋቱ ላይ ከሴትዮዋ ዓይኖች ሥር፣ መጀመሪያ በቀኙ ኋላም በግራው፣ ቀስ ብላ ጠረገችላት።