አዲሱ ቤትና የአባቴ ቅሬ

የድሮው ቤታችን ቆቦ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነበር። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ማገሩን ምስጥ በልቶት ግድግዳው ወደ መንገዱ አዘንብሏል። ዝናብ በመጣ ቁጥር እናቴ ደብሪቱ አልጋውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትጎትት ታመሻለች።

በ1996 ዓ.ም. ታረቀኝ የሚባል፣ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ሰው መጥቶ አነጋገረን። ወደ ዋጃ መውጫ በኩል የብሎኬት ቤቶች ሠርቷል። ከእኛ የፈለገው የመንገድ ዳሩን ቦታ ነው፤ አሮጌውን ቤት በዋጋ ተቀብሎን፣ የጎደለውን ከጨመርንለት አዲሱን ሊያስረክበን። እኔ ያኔ ጎብዬ ከተማ አስተምር ነበርና የጎደለው ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ታረቀኝ አላታለለንም፤ ይህን መናገር ይገባኛል።

አባቴ ፈንታው ሁሉንም ሰማና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ቤቱን ለውጡ። ቅሬዬን ግን አትንኩብኝ።»

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። አባቴ በሰፈሩ ቅሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ መቃብር ቆፍሯል፣ ቃሬዛ ተሸክሟል። ልቡን ካመመው ወዲህ ቁፋሮው ቢቀርበትም ከቀብር ቀርቶ አያውቅም። ሞትን አይፈራም ነበር። የሚፈራው በማያውቁት ሰዎች እጅ መቀበርን ነው።

«አንነካብህም፣ አባዬ» አልኩት።

ውሉን የተፈራረምን ቀን የቅሬው ዳኛ አያ ከበደ ለምስክርነት መጣ።

«ፈንታው፣ ከሰፈር ወጣሁ ብለህ ደግሞ እንዳትወፍር» አለው። «ተሸካሚዎቹ እኛው ነን!»

«አንተ ካልቀደምከኝ ነዋ!»

«እኔማ ዳኛ ነኝ፤ ማን ሊያሰናብተኝ?»

አባቴ እየሳቀ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

አዲሱ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ዝናብ አያስገባም። እናቴ በዚያ ክረምት አልጋዋን ከቦታው ሳታነቃንቅ ከረመች። የድሮውን ቤት ታረቀኝ ገና በሳምንቱ አፍርሶት ነበር።

ችግር የሆነው ጡሩንባው ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ጡሩንባ ነፊ በሰፈሩ እየዞረ ይለፍፋል፤ ድምፁ ግን እኛ ጋ አይደርስም። በኅዳር የድሮ ጎረቤታችን አስረሳሽ ሞተች። አጥራችን አንድ ነበር፤ እሳት ስንጫጫር የኖርን ሰዎች ነን። አባቴ የሰማው በሦስተኛው ቀን፣ ገበያ ላይ ነው። ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«አስረሳሽን አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ» አለ።

በታኅሣሥ አንድ፣ በጥር ሌላ ቀብር አመለጠው። በደንቡ ሦስት ጊዜ የቀረ አባል በጉባኤ ፊት ቆሞ ይወቀሳል። አያ ከበደ ይህን ሊነግረኝ ጎብዬ ድረስ መጣ።

«ልጄ፣ ለፈንታው ስል ደንቡን ካጠፍኩት ነገ ሁሉም ያጥፈዋል። ካላጠፍኩት ደግሞ እሱን በሰው ፊት ላቆመው ነው። ምን ላድርግ ትለኛለህ?»

እውነቱን ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩበት። በዚያ ዕድሜው ቆሞ ከሚወቀስ በክብር ቢወጣ ይሻላል ብዬ ስሙን ከድሮው ቅሬ አሰረዝኩ፤ በአዲሱ ሰፈር ቅሬ አስመዘገብኩት። ለእሱ ቅዳሜ ልነግረው ነበር። ቅዳሜ ስመጣ ግን ከእናቴ ጋር ሲሳሳቅ አገኘሁት፤ ለሌላ ጊዜ ይሁን ብዬ ተውኩት። የማግስቱ እሑድ የቅሬው ስብሰባ መሆኑን ረስቼ ነበር።

አባቴ በጠዋት ጋቢውን ለብሶ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ተመለሰ።

«ስሜ አልተጠራም» አለ።

«ዘለውህ ይሆናላ» አለችው እናቴ።

«እኔም ዘለውኝ ነው ብዬ እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከተዋቸው ስም ቀጥሎ ነበር የምጠራው። ከእሱ ወደ ደምሴ ሄዱ። ከበደ ቀና ብሎም አላየኝ።»

«እኔ ነኝ ያሰረዝኩህ» አልኩ። ምክንያቴን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ልክ ነህ» አለ በመጨረሻ። «ብትነግረኝ ግን ራሴ ሄጄ እሰናበታቸው ነበር።»

በማግስቱ እንዲመልሱት አያ ከበደን ለመንኩት። «እምቢ የሚል አይኖርም፤ ብቻ እሱ ራሱ ይምጣና ይጠይቅ» አለኝ። አባቴ አልሄደም።

«ልጄ አስወጥቶኝ ልጄ መለሰኝ ልበላቸው?» አለ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ የአዲሱ ሰፈር ጡሩንባ በደጃችን አለፈ። አባቴ ጋቢውን አንስቶ ተነሳ። እናቴ ቀኑ ይሞቃል፣ ይቅርብህ ብላ ብትለምነውም አልሰማትም፤ አብሬው ወጣሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ አስከሬኑ ወርዶ ነበር። አባቴ ሰዎቹን ከፈል አድርጎ ገባና አካፋ እንዲሰጡት እጁን ዘረጋ። ወጣቱ ቆፋሪ ተገርሞ አየው።

«አባባ፣ የሟቹ ዘመድ ነዎት?»

«አይ፣ የቅሬው ነኝ።»

ሦስት አካፋ አፈር መለሰ። ከዚያ አካፋውን ለወጣቱ መልሶ ሰጠውና ወደ ጎን ቆመ። ያናገረው ሰው አልነበረም፤ እሱም ማንንም አላናገረም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠረውና አንድ አጥር ተደግፎ ቆመ። ክንዱን ያዝኩት።

«ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

«የማን?»

«የቀበርነው ሰው።»

እኔም አላውቀውም ነበር።