ጋሽ ከተማ ለማን ይነሳሉ?

ጋሽ ከተማ ዳሌያቸው ተሰብሮ በኦፕራሲዮን ከተጠገነ ወዲህ ካዛንቺስ ውስጥ እንደ እሳቸው የሚከበር በሽተኛ የለም። መሥሪያ ቤት እያሉ ሰው ፊርማቸውን ፍለጋ ይሰለፍ ነበር ይባላል፤ አሁን ጉንጫቸውን ለመሳም ይሰለፋል። ሳሎኑ መሐል በትራስ ተከበው፣ ብርቱካንና የታሸገ ጁስ ከፊታቸው ተደርድሮላቸው ይቀመጣሉ። ችግሩም መቀመጣቸው ነው።

ሪሐና ከወሎ ሰፈር እየመጣች የምታሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ረዳት ናት። ሥራዋ ግልጽ ነው። ባለሙያው ታዲዎስ በሽተኛውን መርምሮ ዕቅድ ያወጣል፤ እሷ ታሠራለች፣ ያየችውንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግረዋለች። ከራሷ አዲስ ነገር ማምጣት አይፈቀድላትም። የሰሞኑ ዕቅድ አንድ ነው፤ ጋሽ ከተማ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር ተነስተው ይቁሙ። ካልቆሙ ጡንቻቸው እየሟሸሸ ሄዶ ከዚያ ወንበር ላይነሱ ነው። ይህን ስታስብ ሪሐና እንቅልፍ አይወስዳትም።

ጠያቂው ግን አያስጠጋትም። "በሉ ጋሼ፣ እንነሳ" ስትል ከየሶፋው ተቃውሞ ይዘንባል።

"ኧረ ተያቸው፣ አንቺ ልጅ። ሰው ታሞ ይነሳል እንዴ?"

"ለመሆኑ ዶክተር ነሽ?"

"ረዳት ነኝ።"

"ረዳት ከሆንሽ ሾፌሩ የታለ?" ይላል አንዱ፣ ሳሎኑም በሳቅ ያውካካል። ጋሽ ከተማ አብረው ይስቁና ወዲያው ዳሌያቸውን ይዘው "ውይ" ይላሉ። እስቲ አሁን እንዲህ ያለ በሽተኛ ምን ይደረጋል?

አንድ ቀን ሪሐና ኩሽና ገብታ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀብትነሽን ያዘቻቸው።

"እትዬ ሀብትነሽ፣ ጋሼ ቁጭ ብለው የማይቀበሉት ሰው የለም? ማለቴ፣ በጣም የሚያከብሩት?"

ወይዘሮ ሀብትነሽ ብዙም አላሰቡ። "እትዬ ገበያነሽ ናቸው በቃ። የድሮ ዕድራችን ሰብሳቢ። እሳቸው ከገቡ እንኳን ከተማ ግድግዳውም ይነሳል። የሰፈሩ ግማሽ ሲፈርስ ገላን ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሄዱ።"

"እስቲ ይጥሯቸው።"

እትዬ ገበያነሽ ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ብቅ ከማለታቸው ጋሽ ከተማ "ኖር" ብለው ብድግ አሉ። እጃቸው ወንበሩንም ትራሱንም አልነካም። ሪሐና ከኋላቸው ቢወድቁ ለመደገፍ እጇን ዘረጋች።

"በእግዜር። ኧረ በሞቴ ተቀመጥ" አሉ እትዬ ገበያነሽ። "ኧረ ይቀመጡ" አለ ሳሎኑ በሙሉ። ጋሽ ከተማ ግን እንግዳዋ ቦታ እስኪይዙ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወግ ነዋ። ዳሌ ተሰበረ ተብሎ ወግ አይሰበርም።

ጠያቂው ሁሉ ሲወጣ ሪሐና ታዲዎስ ጋ ልትደውል ስልኳን አወጣች። ጋሽ ከተማ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

"ልጄ፣ አልቻለም በይው።"

"ጋሼ፣ ሲቆሙ አየሁዎት እኮ።"

"አይተሻል። ግን ስሚኝማ።" ድምፃቸው ወረደ። "የሰፈሬ ሰው ገላን፣ አቃቂ፣ የማላውቀው ቦታ ሁሉ ተበትኗል። ሳልታመም በፊት ይህን በር ከቆጣሪ አንባቢ በቀር ያንኳኳው አልነበረም። እና ዳነ ከተባለ ማን ይመጣል?"

ሪሐና አንድ ትንሽ ውሸት ማንን ይጎዳል ብላ ልታስብም ዳድቷት ነበር። የሚጎዳው ግን ፊቷ ተቀምጧል። ደወለች።

"ቆመዋል" አለች። "ያለ ድጋፍ።"

"እንኳን ደስ ያለዎት በያቸው" አለ ታዲዎስ፣ ጋሽ ከተማም ጭምር በሚሰሙት ድምፅ። በሽተኛ እንደ ማሰናበት የሚያስደስተው ነገር የለም። "በቃ፣ በዚህ ሳምንት ፋይላቸውን እንዘጋለን።"

ጋሽ ከተማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሪሐና ሰው የገደለች መሰላት። ወይዘሮ ሀብትነሽ ብርጭቆ ሊሰበስቡ ገብተው፣ "እትዬ ገበያነሽ ሁለተኛ አታዩኝም ብለውኝ ሄዱ" አሉ። "ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ጉልበታቸው ዛሬን እንደ ምንም ነው ያወረዳቸው።"

"አራተኛ?" አሉ ጋሽ ከተማ።

"አራተኛ። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው አሉ።"

ጋሽ ከተማ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ሪሐናን አዩዋት።

"ደረጃ ሲወጣ የትኛው እግር ነው የሚቀድመው?"

ሪሐና መልሱን ታውቀዋለች፣ ግን ደረጃ የሚባል ነገር ዕቅዱ ውስጥ የለም።

"አንዴ ይቆዩኝ ጋሼ" አለችና እንደገና ደወለች። "ታዲዎስ፣ ፋይሉን እንዳትዘጋው። ደረጃ ጨምርልኝ።"