ደረሰ ወይ?

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንገቴን የደፋሁት ለሹም አይደለም፤ ለእግር ነው። በቻይናዋ ያንግዡ ከተማ፣ በአሮጌው መታጠቢያ ቤት፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰዎች ከሙቁ ውሃ ሲወጡ ወደ ሥጋ የገባ ጥፍራቸውን በቢላ አወጣለሁ፤ የደነደነ ተረከዛቸውን እፍቃለሁ። አምስት ቢላ አለኝ። በእነዚህ ቢላዎች ሰው አቁስዬ አላውቅም ነበር፣ እስከዚህ ዓመት ጸደይ ድረስ።

የቆሰሉት አቶ ጂ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ቢላው የት ላይ እንዳለ ጣቶቼ አልነገሩኝም። የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጓንት ያጠለቁ ይመስል ከደነዘዙ ሰንብተዋል፤ ከአንገቴ ተነስቶ በትከሻዬ አድርጎ ክንዴን የሚያቃጥል ሕመምም ነበረኝ። ፎጣው ላይ ደም ሳይ ክው አልኩ።

«አመመዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም» አሉ፣ ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቶ። «ሥራህን ቀጥል እንጂ።»

ይሄ ነው የኛ ሰው። እግሩን ብትቆርጠው በይሉኝታ «ምንም» ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ቁጡ ነኝ። ደንበኛ በተቀመጠ ቁጥር የምናገራት አንዲት ነገር አለችኝ፦ «ያመመው ካልነገረኝ ቢላዬ ዕውር ነው።» የዚያን ቀን ግን አቶ ጂን አልተቆጣኋቸውም። በምን አፌ?

ከመታጠቢያ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ቀጫጭን መርፌ ገላ ላይ እየሰኩ የሚያክሙ ዶክተር ፌይ የሚባሉ ሴት አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ሃያ ዓመት ጥፍራቸውን የከረከምኩት እኔ ነኝ። የአንገቴን ራጅ ወደ መስኮቱ ዘርግተው አዩት።

«አጥንቶችህ መሐል ያለው ትራስ አርጅቷል፤ ነርቩን ተጭኖታል» አሉኝ። «በሳምንት አንዴ፣ አሥር ጊዜ እወጋሃለሁ፤ ዡ ደግሞ ያሽሃል። እስከ አሥረኛው ድረስ ጣትህ ካልነቃ፣ ወይም ክንድህ እየሰለለ ከሄደ ግን፣ እኔ ጋ አትቀመጥም። ለቀዶ ሐኪም እጽፍልሃለሁ።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «ቀዶ» የምትለዋ ብቻ ናት። ከጎኔ በርጩማ ላይ ይሠራ የነበረው ሉ አንገቱን ተከፍቶ ቢላ ዳግመኛ አልጨበጠም። ዛሬ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የደንበኛ ጫማ ይጠብቃል። ሳልፍ «እንዴት ነው እጅህ?» ይለኛል፤ እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ «ሰላም ነው» እለዋለሁ።

የዶክተር ፌይ መርፌ መውጋቱ ቁም ነገር አይደለም፤ ቁም ነገሩ መድረሱ ነው። ከውስጥ የሆነ ጎምዘዝ፣ ደንዘዝ፣ ከበድ የሚል ነገር ይመጣል። እኛ ዘንድ ሕመም ይጎመዝዛል። እሳቸው መርፌውን በሁለት ጣት እያሽከረከሩ «ደረሰ ወይ?» ይላሉ። ደረሰ ካልካቸው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ፣ አልደረሰም ካልካቸው ይፈልጉታል። መንገዳቸው የታካሚው አፍ ነው።

አንገቴ ላይ ደረሰ፤ ትከሻዬ ላይ ደረሰ፤ ክርኔም ላይ ደረሰ። እጄ ላይ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል ግን ምንም የለም። አራት ጊዜ «አልደረሰም» አልኩ። አራት ጊዜም ዶክተሯ መርፌውን ነቅለው እንደገና ወጉኝ። በአምስተኛው ጊዜ አላስቻለኝም።

«ደረሰ ወይ?»

«ደረሰ።»

«ጎመዘዘ ወይስ ደነዘዘ?»

«ጎመዘዘ» አልኩ።

«ጎሽ!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ጊዜ ጥያቄውን ሳይጨርሱ ነበር የምመልስላቸው።

ሩዩን የምትባለው ባለቤቴ ከሕክምና ስመለስ ሁልጊዜ «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ተሽሎኛል» እላታለሁ። እሷም ሾርባውን ትቀዳለች። በዚያ ሰሞን ምግብ እየቆነጠርን የምንበላበትን ጥንድ ለስላሳ ቀይ እንጨት አንስታ ሸካራ የቀርከሃ እንጨት አመጣች። ገበያ ላይ ርካሽ አገኘሁ አለችኝ፤ እኔም ነገሬ አላልኩትም። ጭንቀቴ ሌላ ነበር። ጠዋት ጠዋት መኝታ ቤት በር ዘግቼ የሸሚዜን ቁልፎች በቀኝ እጄ ብቻ እቆልፋለሁ፤ እስክጨርስ በሹክሹክታ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ስድሳ ስደርስ እጨርስ ነበር። ከዚያ መቶ ሆነ። የአሥረኛው መርፌ ቀን ጠዋት መቶ ሰማንያን አለፍኩና ሸሚዙ በላብ ረጠበ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የዚያን ዕለት መጀመሪያ ያሸኝ ዡ ነው። ዡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም፤ የከተማው ጎባጣ ሁሉ ግን በእጁ አልፏል። አንገቴን በክርኑ አለዝቦ፣ ትከሻዬን ጨምቆ፣ ክንዴ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ቢያን፣ እስቲ ግራህን ስጠኝ።»

ሰጠሁት።

«አሁን ቀኙን።» በአውራ ጣቱ ወጣ ወረደ። «ሥጋህን ለማን ሰጠኸው?»

«እርጅና ነዋ።»

«እርጅና አንድ ክንድ መርጦ አይበላም፣ ወንድሜ። የታወረው ዓይኔ እንጂ አውራ ጣቴ አይደለም።»

መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ከወዲያ በኩል ከዶክተሯ ጋር ሲንሾካሾክ ሰማሁ። በደረቴ ተኝቼ ፊቴ በአልጋው የራስጌ ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ የሚታየኝ ወለሉ ብቻ ነበር። ተነስቼ ልሂድ ብዬ አሰብኩ፤ ምን ብዬ ነው የምሄደው? የዶክተሯ የጨርቅ ጫማ መጥቶ ከፊቴ ሥር ቆመ። የትንሿ ጣታቸው ጥፍር ጫማውን ወጥሮታል፤ ከከረከምኳቸው በጣም ቆይቷል ማለት ነው።

አንገቴን ወጉኝ፤ ደረሰ። ትከሻዬን፣ ክርኔን፤ ደረሰ። ከዚያ እጄን ያዙ።

«ደረሰ ወይ?»

«ደረሰ።»

«ጎመዘዘ?»

«አዎ፣ እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ።»

ጫማው አልተነቃነቀም።

«ቢያን፣ መርፌው ገና ሳህኑ ላይ ነው» አሉኝ በቀስታ። «የነካሁህ በጥጥ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እጄ ላይ ያልደረሰው ሁሉ ያኔ አንድ ላይ ደረሰብኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ለሰው ሁሉ የምትላት ነገር ምን ነበረች?» አሉ። «ያመመው ካልነገረኝ…»

«ቢላዬ ዕውር ነው።»

«የኔ መርፌስ ዓይን ያለው መሰለህ? የልብስ መርፌ እንኳ ዓይን አለው፤ የኔ የለውም። በአንተ አፍ ነው የሚያየው።»

«ሉን እያየሁ ነው ዶክተር፤ ፈርቼ ነው» አልኩ፣ ወደ ወለሉ። እንባዬ በቀዳዳው ወርዶ ጫማቸው አጠገብ ጠብ አለ።

«ሉ እኔ ጋ የመጣው እጁ ከደነዘዘ በዓመቱ ነው። የአንተ ስንት ወሩ ነው?»

«አምስት።»

«ከዚያ ወር ያህሉን ደግሞ እኔ ላይ ስትቀልድ ፈጀኸው።» መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉና ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። «እጅህ ይመለሳል ብዬ አልምልልህም። ቀዶውም ዕድል ነው። ግን ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቀዶ ሐኪሙ ጋ ተገኝ፤ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። የኔን እግር ሌላ ሰው አላስነካም፤ እጠብቅሃለሁ።»

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁ። ሩዩን እንደ ክር የተከተፈ የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ በሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ።

«ዛሬስ?»

«አልደረሰም» አልኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ደርሶም አያውቅም። ስዋሽ ነበር።»

አልደነገጠችም። ወረቀቱን አነበበችና አጥፋ ከሳህኑ ሥር አስገባችው። ያኔ ነው እጄ ውስጥ ያለውን ሸካራ የቀርከሃ እንጨት ያየሁት።

«ይሄን ርካሽ ስለሆነ አይደለም የገዛሽው።»

«ቀዩ ያዳልጥህ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሸሚዝህን ስትቆልፍ ከበሩ ወዲህ እኔም እቆጥር ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከሾርባው ሳታነሳ። «ዛሬ መቶ ሰማንያ አራት ደረስክ።»

«እኔ መቶ ሰማንያ ሁለት ነው የቆጠርኩት።»

«አንተ መጨረሻ ላይ ትቸኩላለህ።»

ከዚያ ቶፉውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ብላ። ነገ እኔ እቆልፍልሃለሁ፤ እንዳናረፍድ።»