ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ቦርድ

ባልና ሚስቱ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። መነሻውን ብትጠይቋቸው ሁለቱም በቅጡ አያስታውሱትም፤ ኩርፊያውን ግን እንደ ልጅ ተንከባክበው አሳድገውታል። ሚስት ቆርጣለች፤ ለጫጩት አስፈልፋዩ ደንበኛ የጀመሩትን የሙቀት መቆጣጠሪያ ካስረከቡ በኋላ ዕቃ ተካፍለው ይለያያሉ፣ እሷም እህቷ ቤት ትገባለች። ይህንኑ ስትነግረው ባል «እንዳልሽ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም።

ሥራቸው ግን መነጋገር ይፈልጋል። ባል የቦርዱን የኤሌክትሪክ መስመሮች ንድፍ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ሚስት አትማ ወረቀቱን መዳብ በተለበጠው ቦርድ ላይ ትደፋና በጋለ ካውያ ትጫነዋለች። ቀለሙ ሲጋባ ግራው ቀኝ ስለሚሆን፣ ንድፉ ከመታተሙ በፊት አንዴ መገልበጥ አለበት። መገልበጥ ምንጊዜም የእሷ ድርሻ ነው።

ቦርዱን አሲድ ውስጥ ነከረችው፤ ቀለም ያላረፈበትን መዳብ አሲዱ በላው። ቦርዱ ሲታጠብ አምሮበት ነበር። ሥራውን ሁሉ የምታዘውን ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቺፕ፣ አይሲዋን፣ ልታስቀምጥ ስትል ግን የግራ እግሮቿ መስመር በቀኝ፣ የቀኞቹ በግራ ሆኖ አገኘችው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኼው ነው።

«ገልብጬዋለሁ እኮ!» አለች ለራሷ።

«እኔም ገልብጬው ነበር» አለ ባል እንዳቀረቀረ። «ሰሞኑን እንቅልፍ አጥተሻል። ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትመልሺልኝ ነበር?»

አትመልስለትም ነበር። ይህን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ባል አይሲዋን በወረንጦ አነሣት። «ግድ የለም፣ በጀርባዋ አስተኝቼ እግሮቿን ወደ ኋላ አጥፌ ብበይዳት ትሠራለች። ለዓይን አታምርም እንጂ ዛሬውኑ ይደርሳል።»

እውነቱን ነው፣ ይደርሳል። ደርሶም ያልቃል፤ ከዚያ ዕቃ መካፈል ይመጣል። ሚስት ቦርዱን ይዛ ቆመች፤ በመበላሸቱ ደስ እንዳላት ስታውቅ አፈረች። ይህ ሰው አኩርፎ እንኳ ስለ እንቅልፏ ይጨነቅ ነበር።

«አይሆንም» አለች። «እንደ አዲስ ነው የምንሠራው።»

«ለነገ ሊያድር ነዋ?»

«ይደር። ደንበኛውን እኔ አናግረዋለሁ። አሁን አንተው ገልብጠው፤ ስትገለብጠው ግን ንገረኝ።»

ባል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገለበጥኩት። ሰማሽኝ?»

«ሰማሁህ» አለችው።