የሳውማ ቀን

በዚያ ዓመት አውሎ ነፋሱ ሁለት ጊዜ መታ። በመጀመሪያው ጀልባዎቹ ሄዱ። በሁለተኛው ተራራው ተንዶ የባሕር ዳሩን መንገድ ዘጋው፤ ዋናው ከተማ ዘፍና ስትመለስ የነበረችው ሳውማ ከነመኪናዋ ከናዳው ሥር ቀረች። ሩዟ ግን ሳይወድቅ ተረፈ፤ ለአጨዳ ደርሶም ነበር። በተቀበረች ማግስት ሦስተኛው አውሎ ነፋስ ከባሕሩ ማዶ መነሳቱን ሬዲዮ ተናገረ።

እናቷ ሆንጋይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሰማች። ምንም አልተሰማትም። ሻይ ሲሰጧት ትጠጣለች፤ ኩባያውን ሲጠይቋት ትመልሳለች።

ጎረቤቶች በረንዳው ላይ አፍ የሚያቀላውን የዘንባባ ፍሬ እያኘኩ ያንሾካሹካሉ።

«ነገ ማታ ይደርሳል አሉ።»

«ሩዙ ሳይታጨድ?»

«ማን ይጨደው?»

በአገሩ ወግ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ወንዝ ወርዶ ዓሣ አጥምዶ አብሮ እስኪበላ ድረስ እርሻ አይነካም። ሰው መጥራትም አይችልም። እዚያ መንደር አንድ ቀን ለሠራልህ አንድ ቀን ትሠራለታለህ፤ ሐዘን ቤት ደግሞ አዲስ ዕዳ አይገባም። ሊያጭድ የሚችለው የቆየ የቀን ዕዳ ያለበት ሰው ብቻ ነው።

«ሩዙ ከወደቀ መሬታችንን የሚፈልገው ኩባንያ ፎቶ ያነሳዋል» አለ የሆንጋይ ወንድም ለካል። «‹ይኸው ጠፍ መሬት› ብሎ ፍርድ ቤት ይዞት ይሄዳል። ሆቴሉን ይሠራል። የልጅቷ ልፋት ሁሉ ውሃ በላው። እህቴ፣ ቀን ያለበት ሰው የለም?»

ሆንጋይ ሻይዋን ጠጣች።

«ቲዋይ አለ» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ቲዋይ! እሱ ለራሱ ቀብርም ተለምኖ ነው የሚመጣው።»

ቲዋይ እግሩ የተሰበረ ዓመት ሳውማ ጭቃው ውስጥ ገብታ የሩዝ ችግኙን ስትተክልለት አንድ ቀን ዋለች። እሱ ግን ቀኗን ሳይመልስ ባሕር ዳር ያለውን መሬቱን ለኩባንያው ሸጠ። እሷም ዘፈን አወጣችለት፦ «ባሕር ዳሩን ሸጠ፣ ማዕበሉ ቀረበት።» ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ዘፈኑበት። የኩባንያው ዶዘር መሬቱን ሊጠርግ የመጣ ዕለትም የመንደሩን ሴቶች አሰልፋ ይህንኑ በገዛ ቋንቋቸው ዘፈነች። ሹፌሩ የጎረቤት መንደር ልጅ ነበር፤ ገባውና ሞተሩን አጠፋ።

በኋላ ቲዋይ ቀኑን ለመመለስ የማጨጃ ማሽን ላከ። መለሰችው። «ቀኔን እንጂ ናፍጣ አላበደርኩትም» አለች።

«ልጄ፣ ሰውዬው አረጀ። ተዪለት» አለቻት ሆንጋይ።

«ዘፈኑን እተዋለሁ፣ እማ። ቀኔን ግን አልተውም። ከተውኩለት ከእኛ አይደለህም ማለቴ ነው።»

ዘፈኑን እውነትም ተወችው። ቲዋይ ግን አልመጣም።

ሬዲዮው ከተናገረ በማግስቱ ጠዋት ካፊያው ጀመረ። ለካል ከበረንዳው ተጣራ።

«እህቴ! ኧረ ነይ እይ!»

ሆንጋይ አልተነሳችም። በበሩ በኩል ግን ይታያታል፦ አንድ ሰው እያነከሰ ሩዙን ያጭዳል። እርሻው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ጎበዝ የአንድ ቀን ሥራ። ቲዋይ ግን ጎበዝ ከሚባልበት ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል። ወጣቶች ሊያግዙት ወረዱ።

«ወዲያ! ቀኑ የኔ ነው!» ብሎ መለሳቸው።

«ፍጠን እንጂ አንተ ሽማግሌ፣ ዝናቡ ቀደመህ!» አለ ለካል።

«አንተ ቁጭ ብለህ ሻይህን ጠጣ!»

ነዶውን በጀርባው እየተሸከመ ጎተራ አስገባ። ቀትር ላይ ወደቀ፤ ተነሳ። በረንዳው ላይ የሚቀልድ ጠፋ።

ሲመሽ ነፋሱ ጣሪያውን ማንኳኳት ጀመረ። ቲዋይ የመጨረሻውን ነዶ ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ውሃው ከቆቡ ይንጠባጠባል።

«ጨርሻለሁ» አለ።

የመጨረሻውን ነዶ የሚቀበለው ቀኑን ያበደረው ሰው ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል። ማንም አልተነሳም።

«እትዬ ሆንጋይ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ማን ይቀበለኝ?»

ሆንጋይ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይደግፋት ተነሳች። ነዶውን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«ቀኑ ሞልቷል» አለች። «ግባ።»

ቦታዋ ተመልሳ ነዶውን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ከዚያ ፎጣዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ እርጥቡን ነዶ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ታደርቀው ጀመር።